ማድ ቤቱን ያፈረሰው ቦይ

ባሌ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት በሆነ ማግስት፣ ጎባ ላይ ጸሐፊ የነበረው ተክለማርያም ሞተ። ተዝካሩ እንደወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሚስቱን ይርጋለምን "መቼ ነው የምትሄጂው?" ይላት ጀመር። ልጅ የላትም፤ ዘመዶቿም ያሉት መንዝ ነው። ብቻዋን በዚህ ብርድ ምን ትሠራለች? ይርጋለም ግን ከቤቷ ጀርባ፣ ዳገቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ አፈሩን አስቆርጣ አስደለደለችና ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጠፈች። የማትሄድ ሰው መቀመጫ ያስፈልጋታል።

ሰኔ ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። ድንጋዩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ስለተነጠፈ ከዳገቱ የወረደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ ተኛበት፤ ሲሞላ ደግሞ በጓሮ በር ገብቶ ሳሎኑን አጥለቀለቀው። ይርጋለም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ውሃውን እየጨለፈች ስትደፋ የታችኛው ጎረቤቷ ግራዝማች ተሰማ ብቅ አሉ። ቦታው ላይ ዓይናቸውን የጣሉት ከለቅሶው ጀምሮ ነው።

"አየሽ ልጄ፣ ይሄ ተዳፋት ለብቸኛ ሴት አይሆንም። ለእኔ ልቀቂልኝና ወደ አገርሽ ሂጂ።"

"የቆምኩበት እኮ ነው አገሬ፣ ግራዝማች። የሚሄደው ውሃው ነው።"

"በእኔ በኩል አያልፍም! አጥሬ ሥር ቦይ እንዳላይ!"

ወደ ወንዙ የሚያወርደው አጭር መንገድ በእሳቸው አጥር ሥር ነበር። ይርጋለም አልለመነቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ዳገቱ ትወጣለች። የገብስ ገለባ ጎርፉ ላይ እየበተነች ወዴት እንደሚወስደው ትከተላለች። እንዲያ ስትል ውሃው ሁሉ ከላይ ተጠራቅሞ በአንድ ወገን እንደሚወርድባት አወቀች። ጉድጓድ ቆፋሪውን ዱጉማን ከሮቤ አስጠራችና ዳገቱ ላይ አቆመችው።

"ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ እዚህ ላይ እንቁረጠው።"

"ኤዬ፣ ይቻላል። ቢሻኑን፣ ውሃውን፣ ወዴት እናውጣው ታዲያ?"

"በላይኛው ጎን አዙረን ወደ መንገዱ።"

ዱጉማ በዓይኑ ለካና ራሱን ነቀነቀ። "አዴ፣ እዚያ ማድ ቤቱ አለ።"

"እንግዲያው ይፍረስ።"

"የት ሊያበስሉ ነው?"

"ሳሎን። ጭስ ገባ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው የለ" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ማድ ቤቱን በእጁ የሠራው ተክለማርያም ነበር። ምሰሶው ሲነቀል ማንም እንዳይነካው ብላ ራሷ ተሸክማ አወጣችው።

ቦዩ ሲቆፈር ግራዝማች አጥራቸው ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ፦ "ማዘጋጃ ቤት እከስሻለሁ!"

"ይክሰሱ! ከመሬቴ አልወጣሁም። ውሃውም የሚገባው መንገድ ዳር ወዳለው የመንግሥት ቦይ ነው።"

ድንጋዩም እንደገና ተነሣ። ከሥሩ ጠጠር ተጠቀጠቀ፤ ንጣፉ ከቤቱ ወዲያ፣ ወደ አዲሱ ቦይ መውጫ ዘንበል ተደረገ። ይርጋለም በእንስራ ውሃ እያፈሰሰች ኩሬ በቀረበት ሁሉ ድንጋዩን መልሳ ታስነሣለች። ዱጉማ አጉረመረመ፤ ዞር ብላም አላየችው።

ነሐሴ ላይ ከሳነቴ ከፍታ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጎርፉ እያጓራ ላይኛው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ተጠመዘዘና ማድ ቤቱ በነበረበት አልፎ መንገዱ ላይ ወጣ። ንጣፉ ላይ የወደቀውም ተንሸራቶ ሄደ። አንዱ ጥግ ብቻ ሰመጥ ብሎ ውሃ ያዘ። ይርጋለም ዝናቡ ሳያባራ በርጩማ አወጣችና ጋቢዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግራዝማች አጥር አዙራ፣ ንጣፉ መሐል ላይ ተቀመጠች።

ግራዝማች ከደጃቸው አዩዋት። "አንቺ ሴት! በሽታ ልትሸምቺ ነው? ግቢ እንጂ!"

"ሲበርደኝ እገባለሁ፣ ግራዝማች። ደጄ ነው።"

ክረምቱን ሙሉ የሳሎኑ ጭስ ዓይኗን ሲያቃጥላት ከረመ፤ ግድግዳውም ጠቆረ። ጥቅምት ላይ ዱጉማን መልሳ አስጠራችና የሰመጠውን ጥግ አስተካከለ፤ አዲሱንም ማድ ቤት ከታች በኩል፣ ከግራዝማች አጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ አድርጎ አቆመላት።