ሥራ የነፈግናት ተማሪ

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ። በመጀመሪያው ቀን የቡድን መሪያችን መርፌ አስጨብጦ አንድ ኮርማ ፊት አቆመኝና "በል፣ ወንድ ከሆንክ!" አለኝ። ኮርማው ጭቃ ላይ ዘረረኝ። አቀባበሌ ይኸው ነበር።

ጡረታ ልወጣ ስል ደግሞ ኤማ የምትባል የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ከሆላንድ ለክረምት ኢንተርንሺፕ መጣችና እኔ እንዳሠለጥናት ተመደብኩ። የእርሷ የመጀመሪያ ቀን ሌላ ነው። ባነር ተሰቀለ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ኃላፊያችን ንግግር አደረገ። እሱ ሲጨርስ ምክትሉ ተነሥቶ ያንኑ ደገመው።

ልጅቷ አማርኛ ትንሽ ተምራ መጥታለች። የእኔ እንግሊዝኛ ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለቀመ ስለሆነ በእሷው አማርኛ እንግባባ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲዋ የተሰጣትን ቅጽ አሳየችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በገዛ እጇ ከብት መከተቧን ያየ ባለሙያ ይፈርምላታል፤ ካልተፈረመ ዓመቱን ትደግማለች።

"ጋሽ ይርሳው፣ መቼ እንጀምራለን?"

"ነገ" አልኳት።

ነገ መች መጣ! በማግሥቱ ሞጣ ወስደን አስጎበኘናት። ቀጥሎ መርጡለ ማርያምን ተሳለመች። ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ የስብሰባው ግምገማ። መስክ ስንወጣ የክትባቱን ሣጥን ልትይዝ ብትል ሦስት ሰው ይነጥቃታል። መርፌ ልታነሳ ስትል ገበሬው "ኧረ ነውር ነው!" ይልና ጃንጥላ ዘርግቶላት ይቆማል። "አረፍ በይ" ከሚሉት አንዱ እኔው ነበርኩ። እንግዳ ማሠራት በእኛ ዘንድ ስድብ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። ኃላፊው ዘንድ ይዣት ገባሁ።

"ይኼ ያስለቅሳል እንዴ?" አለና ቅጹን ተቀብሎ "ብዙ ከብት ከትባለች፤ እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ሞላው። ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ጋሽ ይርሳው፣ ይፈርሙላት። የመሥሪያ ቤታችን ገጽታ ነው።"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ምን ልዋሽ፣ ልማዴ ነበር። ኤማ እጄን ያዘችኝ።

"እርስዎ አላዩም። እኔም አልሠራሁም።"

አፈርኩ፤ በቁሜ አፈርኩ። ያን ያህል ዘመን ስፈርም እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የአባ ጎርባ በሽታ ክትባት ይዘን እማማ ይታይሽ ደጅ ሄድን። እማማ ይታይሽ ስድስት ከብት ያላቸው፣ ለማንም የማይመለሱ ባልቴት ናቸው። ልጅቷን ሲያዩ አጎዛ ሊያነጥፉ ተነሡ።

"እማማ፣ ዛሬ የምትከትበው እሷ ናት" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ! እንግዳ?"

"ካላሠራናት ትምህርቷን ትወድቃለች።"

አሰብ አደረጉ። "ከመጣች ስንት ቀን ሆናት?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ! እንግዳ የመጣ ለት ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ያሉት አባቶች። ይቺማ ዝጋለች! ነይ እታለም፣ መርፌሽን አንሺ!"

እኔ የአንዱን በሬ ቀንድ ያዝኩ። ኤማ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥራ ወጋች፤ መርፌው ጠመመ። ሌላ ቀየርንላት። አንዲት ጊደር እግሯን ረገጠቻት። እማማ ይታይሽ ከላይ ቆመው "ቀስ! የሰው ከብት ነው እኮ!" እያሉ ይቆጧታል። ልጅቷ ግን ፊቷ በራ። አገራችን ከገባች የተቆጣት ሰው አልነበረም። ስድስቱንም ከተበች።

ሌላ ንጹሕ ቅጽ ነበራት። "ስድስት ከብት ከትባለች። አንድ መርፌ አጣምማለች። አትፈራም፤ ቀስ ማለት ይቀራታል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ኃላፊው አየና ራሱን ያዘ። "ስድስት ብቻ? በዚያ ላይ ጥፋቷን! ጋሽ ይርሳው፣ አዋረዱን እኮ!"

"ያየሁት ይኸው ነው" አልኩት።

ዩኒቨርሲቲዋ ተቀበለው፤ ልጅቷ አለፈች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሪፖርት በመጣልኝ ቁጥር "ይኼን የት አየሁት?" ማለት ጀመርኩ። ሌላው ዓመት ሙሉ የሚመላለስበት የጡረታ ወረቀት ለእኔ ኃላፊው ራሱ ተሯሩጦ በሳምንት አስጨረሰልኝ።

ለምትተኩኝ ልጆች የምለው አንድ ነው። ያላያችሁትን ሥራ አትፈርሙ።