የኑረዲን ባለሦስት እግር ሞተር

ከናዝሬት የተነሣሁት ማልጄ ነው። የምሄደው ሐረር፣ የድሮ ወዳጄ ኑረዲን ዘንድ ነበር። በዚያው ሳምንት ደውሎልኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ደጀኔ፣ ና አቦ!» አለኝ። «ሞተር አግኝቻለሁ። እኔ የምነዳት ሞተር! የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ግን ምን ብሎ ፈቃድ እንደሚሰጠኝ ግራ ገብቶታል። አንተ መንዳት የምታስተምር ሰው ነህ፤ መጥተህ አስረዳልኝ።»

ኑረዲንን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አለብኝ። በወጣትነታችን ሁለታችንም በሐረርጌ ገጠር ክትባት አመላላሾች ነበርን። በረዶ የታጨቀበትን ሳጥን ከሞተራችን ኋላ አስረን፣ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ እንገባ ነበር። ከሁለታችን ነጂው እሱ ነው። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ግን ይበር ነበር። በኋላ እኔ አግብቼ ናዝሬት ገባሁ፤ በመንጃ ማሠልጠኛ ተቀጠርኩ። እሱ እዚያው ቀረ። አንድ ቀን በባቢሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገፍቶ ጣለው፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የሞተር መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲሄድም በሕክምና ምርመራው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱን መጋዘን ቁልፍ ይዞ ከበር ላይ መቀመጥ ሆነ ሥራው።

ከናዝሬት እስከ ደንገጎ

አውቶቡሱ አዋሽን ሲሻገር ሙቀቱ መስኮቱን አልፎ ፊታችንን ይጋረፍ ጀመር። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይዞ ጭሮ ላይ ለምሳ ቆምን። ቀዝቀዝ ያለው አየር በጀኝ፤ ከናዝሬት በረከሰ ዋጋ ጥብስ በላሁና ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሒርናን አልፈን፣ ቁልቢን አልፈን፣ በየመታጠፊያው ተሳፋሪው ሁሉ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘማል። እኔ ከኑረዲን ጋር በዚህ መንገድ የነዳንበትን ጊዜ አስብ ነበር። ከፊቴ ሆኖ መታጠፊያው ውስጥ ሲገባ፣ ጉልበቱ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እንደገና ቀና ሲል።

ደንገጎ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱት ወረዱ። ሐረማያ ስንደርስ ሐይቁን ፈለግሁት። በእኛ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ሆነን ፊታችንን የምንታጠብበት ሐይቅ አሁን ሣርና እርሻ ሆኗል።

«ውኃው የት ሄደ?» አልኳቸው አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ገበሬ።

«ጠጣነው፤ ለጫቱም አጠጣነው፤ አለቀ» አሉኝ። አወዳይ እስክንደርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ነበር።

ሐረር

ከመናኸሪያው ስወጣ ሰማያዊ ባጃጆች እንደ ንብ ከበቡኝ። በእኛ ዘመን አንድም አልነበረም። ኑረዲን በክራንቹ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ጢሙ ሸብቷል። ክራንቹን ለቆ አቀፈኝና ክብደቱን ሁሉ በእኔ ላይ ጣለው።

«ማሻአላህ፣ ወፍረሃል!» አለኝ። «ናዝሬት ተመችታሃለች።»

በሸዋ በር፣ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል ገባን። ቤቱ ከገበያው ከጊደር መጋላ ብዙ አይርቅም፤ ባጃጅ ግን አይደርስበትም። ቅመም ሻጮቹን አልፈን፣ ግራና ቀኙን ክንድ ዘርግተው በሚነኩት መተላለፊያ ገባን። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ኑረዲን ክራንቹን እየተከለ ሲሄድ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተለጥፎ ያሳልፈዋል። እያንዳንዳቸውን «ጀዛከላህ» ይላል። መንገዱ ላይ ስንት ጊዜ እንዳመሰገነ ሳስብ፣ ምስጋናም እንደሚያደክም ያን ቀን ገባኝ።

ሚስቱ ፈትያ በግቢው በር ላይ ተቀበለችን። ከውስጥ፣ ቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ላይ አስቀምጣ፣ በወተት የፈላውን የቡና ገለባ፣ እነሱ ሆጃ የሚሉትን፣ አቀረበችልኝ። ኑረዲን ግን አላስጨረሰኝም።

«መጀመሪያ እሷን እያት» አለና ወደ ግቢው ጥግ ጎተተኝ።

ሸራውን ገለጠው። ከጅቡቲ በኩል ከአሮጌ ዕቃ ጋር የመጣች፣ ዘመዱ ከድሬዳዋ ያመጣለት ሞተር ናት። ከኋላ አንድ ጎማ፣ ከፊት ሁለት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የተያያዙት እንደ መቀስ በሚታጠፉ ክንዶች ነው። እጀታዋን ይዞ ወደ ጎን ገፋት፤ ሦስቱም ጎማዎች አብረው አጋደሉ። ለቀቃት፤ ቀና አለች።

«ማርሽ የላትም። ፍሬኗ በእጅ ነው። ስትቆም ይቺን ትጫናለህ» አለኝ፤ ከግራ እጀታው ሥር ያለች ማብሪያ እያሳየኝ። «ቀጥ ብላ ትቆማለች። እግር አትጠይቅህም። ገባህ ደጀኔ? እግር አትጠይቅህም!»

ፊቱን ሳየው ከአደጋው በፊት የማውቀው ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱም ቃል ገብቶለታል፤ ለየትኛውም ተሽከርካሪ ፈቃድ ይዞ ከመጣ በየጤና ኬላው ያሉትን የክትባት ማቀዝቀዣዎች እየዞረ እንዲጠግን ይመድቡታል። ከበር ላይ ይነሣል።

ሜዳው ላይ

በማግስቱ ከግንቡ ውጭ፣ ተፈታኞች በሚነዱበት ሜዳ ተገኘን። ፈታኙ አቶ ግርማ የሚባሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሞተሯን ዞረው አዩዋት፤ ተንበርክከው ክንዶቿን ነካኩ።

«በሉ ይንዷት» አሉት።

ኑረዲን ክራንቹን ለእኔ ሰጥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ በቀስታ ዞረ። ከዚያ በተተከሉት እንጨቶች መካከል ገባ። ግራ አጋደለ፣ ቀኝ አጋደለ፣ እንደገና ግራ። ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች ማውራታቸውን ትተው ያዩት ጀመር። ከመጨረሻው መታጠፊያ ሲወጣ ከመካከላቸው አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም አጨበጨብኩ። ከፊታችን መጥቶ ማብሪያዋን ተጫናት፤ ሞተሯ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

አቶ ግርማ አላጨበጨቡም። «አቶ ኑረዲን፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዛሬ እዚህ ከተሰለፈው ሁሉ እርስዎ ይበልጣሉ» አሉት። «ግን ችሎታዎን ከመጻፌ በፊት የነዱት ነገር ምን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ።»

«ባለሦስት እግር ናት» አለ ኑረዲን። «ይቁጠሯት።»

«ጎማዋን ብቆጥር ባለሦስት እግር ናት። አነዳዷ ግን የሞተር ሳይክል ነው። ባጃጅ አያጋድልም። ሞተር ሳይክል ካልኳት ደግሞ መመሪያው ከነጂው ሁለት እግር ይጠይቃል።»

«እኔ አንድ እግር አለኝ፣ እሷ ሦስት አላት» አለ ኑረዲን። «ተደምረን አራት ነን። የመኪና ይስጡን።»

አቶ ግርማም ጭምር ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ እዚያው ነበር።

እኔ የመጣሁበትን ሥራ ጀመርኩ። የምታጋድለው ነጂውን ለመጠበቅ እንደሆነ፣ ስትቆምም ራሷን እንደምትችል፣ መመሪያው ሲጻፍ እንዲህ ያለች ሞተር ስላልነበረች እንዳልታሰበች አስረዳሁ። አቶ ግርማ አንድም ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከሰሙ በኋላ ወደ ቢሯቸው ገብተው ከአለቃቸው ጋር ብዙ ቆዩና ተመለሱ።

«አንድ መንገድ አለ» አሉ። «እነዚህ ክንዶች እንዳይታጠፉ ይበየዱ። ካላጋደለች ባለሦስት እግር ብለን እንመዘግባታለን። ለዚያ ፈቃድ ደግሞ ቀኝ እግር ይበቃዎታል።»

«ጠባብ ናት እኮ!» አልኩ። «ከተበየደች መታጠፊያ ላይ ትገለብጠዋለች!»

«ባጃጅም በፍጥነት ከታጠፈ ይገለበጣል። ቀስ ብለው ይነዳሉ።» ክፋት አልነበረባቸውም። ሊረዱት ፈልገው ያገኙት መንገድ ያ ነበር።

ኑረዲን ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠ ወደ መሬት ያይ ነበር። «ከተበየደች ፈቃዱ ይሰጠኛል?»

«ይሰጥዎታል።»

ከብየዳው በፊት

ኑረዲን ለቀትሩ፣ ለዙሁር ሶላት ሲሄድ ከፈትያ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሩዝ እየለቀመች ሳለ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጋሽ ደጀኔ፣ እርስዎ ጓደኛው ነዎት፤ አይቀየሙኝ። እኔ እንዲከለከል ዱዓ ሳደርግ ነበር። ያን ቀን ከባቢሌ በጭነት መኪና ሲያመጡት ያየሁት እኔ ነኝ። እንደገና ያን ማየት አልፈልግም።»

«ከተበየደች በፍጥነት መንዳት አይችልም» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ» አለች፤ ቀስ ብላ።

አሥር ሰዓት ገደማ ኑረዲን ወደ ሜዳው ተመልሰን እንድንሄድ ጠየቀኝ። ተፈታኞቹ ሄደው ሜዳው ባዶ ነበር። እንደገና የሚነዳ መስሎኝ ክራንቹን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ንዳት» አለኝ።

«እኔ? ለምን?»

«ምን እንደነበረች የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኑር።»

ነዳኋት። ከሞተር ከወረድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ፈራሁ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ግን ገላዬን ዘንበል ሳደርግ ከሥሬ ያለችው አብራኝ ዘነበለች፤ ሳልጠይቃት። ከፊት ሁለት ጎማ መሬቱን እንደያዘ ይሰማኛል፤ የምወድቅ እየመሰለኝ አልወድቅም። የሸበተ ራሴን፣ የወፈረ ሆዴን፣ ሁሉንም ረሳሁ። ስመለስ ሳላስበው እየሳቅሁ ነበር። ኑረዲንን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«ኑረዲን፣ አታስበይዳት» አልኩት። «ድሬዳዋ መልሳት። ወይ ሸራዋን አልብሰህ አስቀምጣት። መመሪያው ይቀየር ይሆናል።»

«እኔ እስከዚያ ከበር ላይ ልቀመጥ?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ወላሂ ደጀኔ፣ አንተ ቁልፍ ይዘህ አልተቀመጥክም። የመጣው ሁሉ ‹ኑረዲን፣ ክፈት›፣ ‹ኑረዲን፣ ዝጋ› ይለኛል። ሌላ ወሬ የለውም። ሥራዬን እፈልጋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም።

ብየዳ

ብየዳ ቤቱ በአዲሱ ከተማ፣ ከጋራዦቹ መካከል ነው። በያጁ ጀማል የሚባል ሰው ነው፤ ሞተሯን ግራና ቀኝ አገላብጦ አያት።

«ይሄ እኮ አልተሰበረም» አለ። «ምኑን ነው የምበይደው?»

«እንዳይታጠፍ አድርገው» አለው ኑረዲን።

ጀማል እኔን አየኝ። እሺ እንዲለው ራሴን ነቀነቅሁ። ወፍራም ብረት ቆርጦ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አጋደመና የብየዳ መስተዋቱን ፊቱ ላይ ሳበ። ብልጭታው ሲጀምር ኑረዲን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ባጃጅ ሲያልፍ፣ ጫት የጫነ ሚኒባስ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱን በዓይኑ ይሸኝ ነበር። የተቃጠለው ቀለም ሽታ መጣብን። ጀማል ጨርሶ ውኃ ሲያፈስበት ብረቱ ጮኸ፤ ያኔ ኑረዲን ዞሮ እጀታዋን ይዞ ወደ ጎን ገፋት። አልተነቃነቀችም። አንድ ጊዜ ደግሞ ገፋት።

«ጥሩ ነው» አለ።

በማግስቱ ተፈተነ። እንጨቶቹ መካከል ሲገባ ገላው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዘነበለ፤ ሞተሯ ግን ቀጥ እንዳለች ነበረች። አንደኛው የፊት ጎማ ከመሬት ተነሣ። ኑረዲን ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ገላውን በግድ ቀና አድርጎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆኖ፣ ቀስ እያለ ጨረሰ። ዛሬ ያጨበጨበ የለም። አቶ ግርማ እጁን ጨብጠው፣ «እንኳን ደስ አለዎ፤ አልፈዋል» አሉት፤ ደስታቸው ከልብ ነበር።

ቤት ስንደርስ ፈትያ እልል ልትል አፏን ከፍታ ፊቱን አየችና ተወችው። እሱ ለሞተሯ ሸራውን አልብሶ ወደ ውስጥ ገባ። እሷ ከእኔ ጋር ግቢው ውስጥ ቀረች።

«ዱዓዬ እንዲህ ሆኖ ይሰማል አላልኩም» አለችኝ።

መልስ

ወደ ናዝሬት ስመለስ ኑረዲን እስከ መናኸሪያው በባጃጅ ሸኘኝ። በራስህ ሞተር ለምን አላደረስከኝም ብዬ አልጠየቅሁትም። ሲሰናበተኝ፣ «ፈቃዱን አገኘሁ» አለኝ። «የተፈቀደልኝ ግን ሌላ ነገር ነው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ አውቶቡሱ ገፋኝ።

ደንገጎን፣ ቁልቢን፣ ጭሮን መልሰን ወረድን። በየመታጠፊያው ሰው ሁሉ ሲዘም ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ደንብ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ደንብ የሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ ዛሬም አምናለሁ፣ ዛሬም አስተምራለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይበድል፣ ሁሉም ሰው መልካሙን ፈልጎ፣ ከአንድ ሰው ላይ የሚወሰድ ነገር እንዳለ ነው። ለዚያ ጥፋተኛ ፈልጌ አላገኘሁም። ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወልኩለት። ከበር ላይ ተነሥቷል፤ በየጤና ኬላው እየዞረ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ስለ ሥራው ብዙ አወራኝ፤ ስለ ፈትያም፣ ስለ ዝናቡም። በመጨረሻ ጠየቅሁት።

«ሞተሯስ እንዴት ናት?»

«ታደርሰኛለች» አለኝ።