ሥራ ፈት ያልኳቸው አበቦች

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ልጄ ሁለተኛ ክፍል እንደነበረች፣ ጢሜም ገና ጥቁር እንደነበር አውቃለሁ፤ ሌላው ጠፍቶብኛል። ሽታው ግን አልጠፋም። ትናንት አምቦ ገበያ አንዲት ሴትዮ የበሰበሰ ዱባ ከጆንያዋ አውጥታ አጠገቤ ስትወረውረው አፍንጫዬን በጋቢዬ ይዤ ቆምኩ።

ያኔ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የልጄ መምህርት ቀጭን፣ ድምጿ ለስላሳ ወጣት ነበረች። ዱባ ከዘር ተነሥቶ ዘር እስኪሰጥ እንዴት እንደሚኖር ለተማሪዎቿ ልታሳይ ከጎጆዬ ጥግ አስተከለቻቸው። «ጋሼ፣ አደራዎን፣ ውኃ እንዳይረሱት» አለችኝ። እኔ ጭልሞ ጫካ ሥር በከብትና በጤፍ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዱባ የሴቶች ጓሮ ነው ብዬ ጠጋ ብዬ አይቼው አላውቅም። አደራ ነውና አጠጣሁት። ሐረጉ አጥሩን ወጣ፣ ቅጠሉ ሰፌድ አከለ፣ ቢጫ አበባው ፈካ።

አበባው ሁለት ዓይነት ሆነብኝ። አንዳንዱ ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል ዱባ ይዟል፤ ሌላው በቀጭን አገዳ ላይ ባዶውን ቆሟል። «ይኼ ሥራ ፈት ነው፣ የተክሉን ጉልበት ይበላል» ብዬ ባዶዎቹን በየንጋቱ እየቀጠፍኩ ከአጥር ውጭ ጣልኩ። የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትንንሾቹ ዱባዎች ግን አላደጉም። ጫፋቸው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ላሸቀ። አንዱን ብጫነው ጣቴ ሰጥሞ ገባ። ንፍጥ የመሰለ ውኃ ወረደብኝ፤ በውስጡ ነጫጭ ትል ይተራመሳል። እዚያው አስመለሰኝ። ጣቴን በአመድ ፈተግኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፤ በዚያ እጅ ምሳዬን መጉረስ ግን አቃተኝ። ዝንቡም ጎጆዬን ወረረው።

ከዚያ ልጆቹ ጀመሩ። «ዘበኛው ቡዳ ነው! እሱ ሲያየው ነው የሚበሰብሰው!» ልጄ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ስሄድ ሮጣ መጥታ ኮቴን ያዘች። «አባዬ፣ ወደ ዱባው አትይ፣ እባክህ» አለችኝ። ከትሉ ይልቅ የገዛ ዓይኔ አስጠላኝ።

በዚያው ሰሞን መምህርቷ ሐረጉን ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ወንዶቹ አበቦች የት ሄዱ?» አለችኝ።

«የቶቹ ወንዶች?»

«እነዚያ ከሥራቸው ዱባ የሌላቸው።»

«ሥራ ፈቶቹን? ጠራርጌ ጣልኳቸው እንጂ!»

ሳቋ አመለጣት። ፊቴን ስታይ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «ነገ ጠዋት አንድም እንዳይቀጥፉ» አለች።

በማግስቱ «ኢጆሌ፣ ኮታ! ኑ፣ ክበቡኝ» ብላ ልጆቹን ሰበሰበቻቸው። አንዷን የበሰበሰች ዱባ መዳፌ ላይ አኑራ በምላጭ ሰነጠቀቻት። ግማቱ ልጆቹን ወደ ኋላ በተናቸው፤ እኔ የት ልሽሽ? ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ፣ ፈሳሹ በክንዴ ወረደ። ዘሯ እንደተቆረጠ ጥፍር ስስ ነበር፣ ውስጡ ባዶ።

«ቡዳ አልበላትም» አለች። «ዱባ የምትይዘው እናት አበባ ናት። ከአባት አበባ ቢጫው ዱቄት ካልደረሳት ልጇ አያድግም። ዱቄቱን የሚያመጣላት ንብ ነው። የእኛ ንብ አባት አጣ።»

ማን እንደቀጠፋቸው አልተናገረችም። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እኔ ነኝ፣ ልጆቼ። ባለማወቅ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ንቡ እርስዎ ይሁና!» አለችኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እጄን ታጥቤ ካልተቀጠፉት አንዱን ወሰድኩና ዱቄቱን እናቲቱ አበባ መሐል አሻሸሁት። ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ እሱም ትንሽ ቀፈፈኝ፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ ልጄ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ቡጢ የምታህል አረንጓዴ ዱባ ቅጠሉ ሥር ተኝታለች። «አባዬ፣ እያት። ደህና አድርገህ እያት» አለችኝ።

ዱባዋ ደርሳ ስትቆረጥ መምህርቷ ወደ ባኮ ተዛውራ ሄዳ ነበር። ልጆቹ ዘሩን እየተካፈሉ ወደየቤታቸው ወሰዱ፤ የእሷን ድርሻ እኔ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። በባኮ አውቶቡስ የሚሄድ የሚያውቃት ሰው ሳጠያይቅ ክረምቱ ገባ፣ ዘሩም ሻገተብኝ። የበሰበሰ ዱባ ዛሬም ያስጠላኛል፤ ግን አፍንጫዬን ይዤም ቢሆን ትንሽ ሳልቆም አላልፈውም።

የመምህርቷ ስም ጫልቱ ነበር።