የአከራዬ ወንድም ሸክላ

ዳንግላ አስተማሪ ሳለሁ በባትሪ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ነበረኝ። ይህን በመያዜ ብቻ ስለ ድምፅ ከእኔ ወዲያ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። «ዋናው ስፒከሩ ነው፤ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ እንደ ነገሩ ቢሆኑ ግድ የለም» እያልኩ ሰው አሰለች ነበር። ጤና ጣቢያ የሚሠራው ድሬሰር ጓደኛዬ ግን፣ «ከሸክላው ሲነሣ የተበላሸውን ስፒከር ከየት አምጥቶ ያቃናዋል? ይልቅ የማጫወቻህን መርፌ ቀይር» ይለኛል። እውነቱን ነበር። እልህ ይዞኝ አልሰማሁትም።

አከራዬ በዕድሜ የገፉ ባልቴት ነበሩ። ማሲንቆ ተጫዋች ወንድማቸው አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጾ እዚያው ሞቷል። ከእሱ የቀራቸው ያ ሸክላ ነው። ማጫወቻ ስለሌላቸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ክፍል እየመጡ ያዳምጡታል። ሲያበቃ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ሸክላውን እኔው ዘንድ ትተውት ይወጣሉ። አምነውኝ ነበር።

እኔ ታዲያ ድሬሰሩን ለመርታት እንጅባራ ወጥቼ ከቀርከሃ ትልቅ የስፒከር ሣጥን አሠራሁ። መርፌው ደንዝዟል፤ ዳንግላ ደግሞ መርፌ አይገኝም። ከአዲስ አበባ እስኪላክልኝ መጠበቅ ሲገባኝ፣ ገበሬ ማጭዱን እንደሚስለው በድንጋይ ሳልኩት። ሹል ሲሆን በብልሃቴ ኮራሁ። ሣጥኑን ለመሞከር የመረጥኩት ደግሞ የሳቸውን ሸክላ ነው፤ ካሉኝ ሁሉ ጥርት ያለው እሱ ነበራ። ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሜ አጫወትኩት። ዓርብ ዕለት መርፌው ሥር ከሸክላው የተፋቀ ጥቁር ዱቄት ተጠራቅሞ አየሁ። በጣቴ ጠርጌ ቀጠልኩ።

እሑድ አከራዬ መጡ። ከዚያ ትልቅ ሣጥን የወጣው ባቄላ የሚቆላ የሚመስል መንጣጣት ነበር። የወንድማቸው ድምፅ ከሥሩ እንደ ማቃሰት ይሰማል።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ አልሰማ አለኝ? ጆሮዬ ይሆን እንዴ?» አሉ።

«ይሆናል እማማ፤ ዕድሜም አለ» አልኳቸው።

ይህን ስል ፊቴ እንኳ አልተለወጠም። ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን ተቀምጬም የምገባበት ይጠፋኛል።

በማግስቱ ስለ ጆሯቸው ጠበል ሄዱ። ሰባት ቀን በዚያ ብርድ ጧት ጧት ተጠመቁ። እውነቱን ልናገር ስንት ጊዜ ተነሣሁ፤ ድሬሰሩ ይስቅብኛል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡና «እስቲ ክፈትልኝ» አሉ። ከፈትኩላቸው። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አልዳንኩም» አሉ ቀስ ብለው። «የማላውቀው ኃጢአት ቢኖርብኝ ነው።»

እኔም መርፌውን አንሥቼ ሥሩ የተጠራቀመውን ጥቁር ዱቄት በጣቴ ጠረግኩ።