የሆዳን አባት ጥያቄ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለሴቶች ራግቢ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ፍለጋ ነው። ቡድኑ ገና እየተቋቋመ ስለነበር ልምድ አንጠይቅም፤ የምትሮጥና መውደቅን የማትፈራ ትበቃናለች። ሦስት ልጆች ይዤ እንድመለስ ተነግሮኛል። ሐረር አድሬ፣ በማግስቱ በሚኒባስ የባቢሌን ቋጥኞችና የካራማራን ጠመዝማዛ አልፌ ረፋዱ ላይ ጅግጅጋ ገባሁ።

ጅግጅጋ

መናኸሪያ ድረስ መጥታ የተቀበለችኝ ትዕግስት ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የስፖርት መምህርት። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከነሙዙ ጋበዘችኝና ወደ ትምህርት ቤቷ ሜዳ ሄድን። ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች ይጠብቁናል። ሞላላዋን የራግቢ ኳስ ሲያዩ ሳቁ።

"ይሄ ኳስ ነው ሐብሐብ?" አለች አንዷ።

ሆዳን ትባላለች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእጅ ኳስ ተጫዋች። ሂጃቧን አጥብቃ አስራለች። በሁለተኛው ቀን ልምምድ ከእሷ የምትገዝፍ ልጅ ኳስ ይዛ ስትመጣባት፣ ዝቅ ብላ እግሮቿን አቅፋ ጣለቻት። ወዲያው ተነስታ እጇን ዘረጋችላት።

ከመረጥኳቸው ሦስት ልጆች የሁለቱ ቤተሰቦች እምቢ አሉ። ሆዳን ግን "አሠልጣኝ፣ እኔ እመጣለሁ። አባቴን ራስሽ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ሸደር

በማግስቱ ከትዕግስትና ከሆዳን ጋር አባቷ ወደሚኖሩበት ሸደር ሄድን። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ግመሎች ሲያቋርጡ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ጠበቀ። አባቷን አቶ ዩሱፍን ሱቃቸው በር ላይ አገኘናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ስለሠሩ አማርኛ ያቀላጥፋሉ። ትዕግስት ግን በሶማሊኛ "አዴር" እያለች፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ አስተዋወቀችኝ።

የወተት ሻይ መጣ። ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ አለባበሷ አስረዳሁ። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"አንቺ ተጎድተሽ ታውቂያለሽ?"

"የለም" ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አዎ። የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ሁለት ወር እጄን አላነሳሁም።"

ሆዳን አንገቷን ደፋች።

"ለቤተሰብሽ ማን ነገራቸው?"

"ማንም። እናቴ ከጎረቤት ሰማች።"

አቶ ዩሱፍ ልጃቸውን አዩ፤ እኔንም አዩ።

"ሀዬ፣ እሺ፣ ትሂድ" አሉ። "ግን እኔ ከጎረቤት አልሰማም። የሆነ ነገር ከደረሰባት አንቺ ትደውያለሽ።"

አዲስ አበባ

ሦስት ተብዬ በአንድ ተመለስኩ፤ የቡድን መሪያችን ቅር አላቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ተምሬ ነው የመጣሁት። ተጫዋች የሚመለመለው ሜዳ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ ሥራ ወላጅ ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ኖሯል።

በሁለተኛው ሳምንት ሆዳን ስትወድቅ ጣቷ ወለም አለ። ሐኪም ቤት አሳይቻት እንደተመለስን ለአቶ ዩሱፍ ደወልኩላቸው። የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

"አለቀሰች?"

"አላለቀሰችም።"



"ቅድም እሷ ደውላ ነግራኛለች" አሉኝ። "አንቺ ትደውይ እንደሆነ ነበር ቁጭ ብዬ የምጠብቀው።"