አውራጃ ነው ወይስ ወረዳ

ነገሩ የጀመረው በረዶ በጣለበት አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ጀርባ ወደነበረው ቤታችን ገብቼ እርጥብ ጓንቴን ማሞቂያው ላይ ሰቀልኩ፤ የሱፍ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ የጀርመንን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የብዙዎቹ የክፍሌ ልጆች ቅድመ አያቶች ከጀርመን የመጡ ስለነበሩ፣ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ የገጠር አስተዳደር በዕጣ ሰጥታን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በምሥራቅ በኩል ያለ፣ ወንዝ የሚያቋርጠው የድንች አገር ነው። ጥናቱ አልከበደኝም። የጨነቀኝ በማግስቱ ቆሜ መናገሩ ነበር። ክፍል ውስጥ አፌን ስለማልከፍት እንግሊዝኛ የማልችል መስሏቸዋል፤ ነገም ዝም ካልኩ እንግሊዝኛ ገና ወደሚማሩት ልጆች ክፍል እንደምመለስ መምህሯ ለአባቴ ነግራዋለች።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ አብረውት ነበሩ። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከአባቴ ጋር ካልተከራከሩ ሻይ የማይጥማቸው ሰው ናቸው።

«ይሄ እንግዲህ አውራጃ መሆኑ ነው» አለ አባቴ ካርታው ላይ አጎንብሶ።

«ወረዳ በለው እንጂ። ይቺ ምኗ አውራጃ ይሞላል?»

«ይሄን ሁሉ ከተማ በሥሩ ይዞ? ጂኦግራፊ ሲያስተምሩህ ተኝተህ ነበር።»

ሁለት የቆዩ አስተዳደሮች እንደነበሩ፣ ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላ ተቀላቅለው አዲስ ስም እንደወጣላቸው ነገርኳቸው።

«አየህ፣ ካርታ መለዋወጡ እነሱም ዘንድ ደርሷል» ብለው ጋሽ ተስፋይ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። እሱ የተወለደበት አውራጃም በዚያው ሰሞን ከአገራችን ካርታ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ታዲያ እዚያ የተወለደው ሰው፣ አገርህ የት ነው ሲሉት የቱን ስም ይጠራል?» አለኝ፣ መልሱን የማውቀው ይመስል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ባቡር ይመላለሳል። ጋሽ ተስፋይ ኩን ራፒድስ የሚባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ስደውል «ሄሎ፣ የወረዳዋ ልጅ» ይሉኛል፤ እስካሁን አልተሸነፉም። አባቴ ግን ያንን ጥያቄ ደግሞ አላነሳውም። እኔም ድምፄ ዛሬም ቀጭን ነው፤ ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ ያ የሱፍ ሽታ ይመጣብኛል።

በዚያ ማክሰኞ ማግስት ጠዋት ክፍል ውስጥ ስሜ ተጠራ። ካርታውን ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ ዞርኩ። የተለማመድኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝና ጣቴን ወንዙ ላይ አድርጌ «አውራጃ» አልኩ። አንድ ልጅ ሳቀ። መምህሯ ግን «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

የአባቴ ጥያቄ ትዝ አለኝና በእንግሊዝኛ መናገር ጀመርኩ። ቁጭ በይ እስክባል ድረስ አላቆምኩም።