የአባቴ የጾም ኬክ

«አንቺ ሐኪሜ አይደለሽም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሽ ቤት የተቀመጥሽ ልጅ ነሽ» አለኝ አባቴ ፊት ለፊቴ፣ ደንበኛ ከባንኮኒው ማዶ ቆማ እየሰማች። ተነስ፣ መርፌህን እናስወጋህ ስላልኩት ነው።

አባቴ ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቀለበት ሲበይድ እሳቱ ጣቱን ያዘው። የተቃጠለ ሥጋ የሸተተኝ እኔን ነው፤ እሱ ሥራውን ቀጥሏል። «አባዬ፣ ጣትህ!» ብዬ ስጮህ፣ ጣቱን የሌላ ሰው ይመስል ዝቅ ብሎ አየው።

የምትከታተለው ሐኪም አስቀድማ ነግራን ነበር። የስኳር በሽታው ነርቩን ይጎዳል፣ ጣቶቹን ያደነዝዛል፤ ለዓመታት የዋጠው የስኳር ኪኒን ደግሞ ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውን የነርቭ ቫይታሚን ያሳንሳል። ይሄ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። አባቴ ደግሞ እናቴ ከሞተች ወዲህ የፈቃዱንም ጾም ሁሉ ጨምሮበታል። አሁን ሁዳዴ ነው። እንቁላሉ ቢቀር የቫይታሚኑ መርፌ ይተካዋል ብትለው፣ «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ጣቶቹ ፋሲካን ይጠብቁለት ይመስል።

ጾሙስ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ኪኒንም አይቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን ከማዶ ኬክ ቤት የጾም ኬክ ያስመጣል፣ ሻዩን ስኳር ያጠግበዋል። ይህንንም ደንበኛዋ ፊት አነሳሁበት።

«የጾም ነው እኮ! እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው፣ ምን ያደርገኛል?»

«ስኳሩስ? እሱም አብሮህ ይጾማል እንዴ?»

ደንበኛዋ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ጊዮርጊስ ሄጄ የንስሐ አባታችንን ፈለግኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ ጾም የለም። መርፌውንም ይወጋ፣ እንቁላሉንም ይብላ፤ ፈቅደውልሃል በይው» አሉኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ስደርስ የኬኩ ሳህን ባዶ ሆኗል።

«እሳቸው ሆደ ቡቡ ናቸው» አለ ሰምቶኝ ሲያበቃ። «ለሰው ሁሉ ያዝናሉ። ለእናትሽ ብዬ የያዝኩትን በእንቁላል አልለውጥም።»

«እሷ ብትኖር በጥፊ ትልህ ነበር።»

 ወደ ሥራው ዞሮ ከአንዲት ትንሽ ቀይ ፈርጥ ጋር መታገል ያዘ። ጣቱ ይደርስባታል፣ ያልፋታል፣ ተመልሶ ይፈልጋታል።

«አንሺልኝ እስቲ» አለኝ ሳያየኝ፣ እጁን ዘርግቶ።

አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኳት። እሱ ዓይኑን ወደ በሩ እንዳደረገ ነው። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ።

«አስቀመጥሻት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና፣ ሱቁ ድረስ መጥቶ መርፌውን የሚወጋው ሰው ፍለጋ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ።